እትዬ ስንዱ እና ባለ አሥራ አራት ክንዱ ታንኳ

የእትዬ ስንዱን ዕረፍት የሰማሁት ንፋስ መውጫ መናኸሪያ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው። ከስማዳ የመጣ አንድ ነጋዴ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ለጓደኛው የአገሩን ወሬ ሲያወርድለት፣ ከዝናቡና ከእህሉ ቀጥሎ፣ «የአባይ ዳሯ አሮጊትም ሞተች፣ ያቺ ችኮዋ» አለ። እንደ ዋዛ ነው ያለው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። መሞታቸው ገና አልገባኝም ነበር፤ ያቃጠለኝ «ችኮ» መባላቸው ነው።

«አንተ ሰውዬ» አልኩት፣ «አባይን በሐምሌ ተሻግረህ ታውቃለህ?»

«በሐምሌ? ምን በወጣኝ!»

«እንግዲያው ስለ እትዬ ስንዱ አታውራ።»

ሰውዬው ሽበቴን አይቶ ተወኝ። አውቶቡሱ ውስጥ ገብቼ መስኮት ጥግ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው እንባዬ የመጣው። ዛሬ ይህን የምጽፈውም ያን ነጋዴ ለመመለስ ነው። እዚያው ብነግረው ኖሮ አውቶቡሱ ያመልጠኝ ነበር።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ስማዳ ውስጥ ወገዳ ከተማ ድሬሰር ሆኜ ተመድቤ ነበር። ድሬሰር ማለት ያን ጊዜ ሐኪም ማለት ነው፤ መርፌ የያዘ ሁሉ ሐኪም ነበር። እኔ የላይ ጋይንት ልጅ ነኝ፣ ገብስና ውርጭ ነው ያሳደገኝ። ከጉልበቴ በላይ ውሃ ገብቼ አላውቅም። «አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ሲባል እየሰማሁ ምንጬን አመስግኜ መኖር በቂዬ ነበር። ክረምት ሲገባ ቆላው ወባ ስለሚጸናበት ግን የክኒን ሳጥኔን በአህያ ጭኜ እንድወርድ ታዘዝኩ። ከንጋት እስከ ማታ ቁልቁል ወርጄ አባይ ዳር ስደርስ ማደሪያ የሰጡኝ እትዬ ስንዱ ናቸው።

ረጅምና ቀጭን ሴት ነበሩ፣ ሃምሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው። እጃቸው ሸምበቆ የቆራረጠው፣ መዳፉ እንደ ቆዳ የደደረ ነው። ሲናገሩ አንድ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው በሌላው ይለኩሃል። አገራቸው ስማዳ አይደለም፤ በደራ በኩል ጣና ዳር ነው የተወለዱት። አባታቸው መነኮሳቱን ወደ ደሴት ገዳማት የሚያመላልሱበትን የደንገል ታንኳ ያስሩ ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ገመዱን በሌላኛው ጫፍ የምትይዝላቸው ስንዱ ነበረች። እንዲህ ነው ሴት ልጅ ታንኳ ማሰር የተማረችው። ኋላ አንድ የስማዳ ሰው አግብተው አባይ ዳር መጡ።

ባላቸው የሞተው እኔ ከመምጣቴ ብዙ ዓመት አስቀድሞ ነው። የዚያ አገር ሰው ክረምት ሲሆን የሚሻገረው በአየር የተነፋ ስልቻ አቅፎ ነበር። ማዶ ጎጃም ላይ ያለው መውጫ አሸዋ ከአንድ አውድማ አይሰፋም። ከእርሱ በታች ወንዙ ገደልና ገደል መካከል ይገባና መያዣ የለውም። ሰውዬው ዋና ያውቃል፣ ስልቻውም አልተነፈሰም። ብቻ አሸዋው ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ውሃው ይዞት አለፈ።

«ባሌን ውሃ አልገደለውም» ይሉ ነበር እትዬ ስንዱ። «ማዝገም ነው የገደለው። አባይ ክፉ አይደለም፣ አንተን አይጠብቅም እንጂ።»

ይህን ሲሉ አያለቅሱም። የሚቆጡ ይመስላሉ፣ ያውም በወንዙ ሳይሆን በስልቻው።

በዚያ ክረምት የእትዬ ስንዱ ሐሳብ ሁሉ ማዶ ነበር። አንድያ ልጃቸው ውዴ ጎጃም ተድራ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። በአገራችን ደግሞ የበኩር ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው። ውዴም በሰኔ መጀመሪያ ልትሻገር ተነጋግረው ነበር፤ ዝናቡ ቀድሞ ጣለና አባይ በሁለት ቀን ሞላ። ልጅ ማዶ፣ እናት ወዲህ ሆኑ። እትዬ ስንዱም ማጭዳቸውን ይዘው ሸምበቆ ቆረጣ ገቡ።

እዚህ ላይ ባላምባራስን ማምጣት አለብኝ። የቆላውን ምክትል ወረዳ ይገዙ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ልጆቻቸው ስላሉ ስማቸውን አልጠራም። አንቱ የምላቸውም ለልማድ ያህል ነው። ባላምባራስ አንድ ጊዜ ባሕር ዳር ወርደው የሞተር ጀልባ አይተው ነበር። ያዩትን አልረሱም። ከደብረ ታቦር አናጢ አስመጥተው ልክ እንደዚያችው ያለች የጣውላ ጀልባ አሠሩ። ሰባት ክንድ ትረዝማለች፣ አራት ክንድ ትሰፋለች፣ ሆዷ ጠፍጣፋ ነው። ሞተር ብቻ የላትም።

«ሞተሩስ፣ ባላምባራስ?» ብለው ጠየቁ እትዬ ስንዱ፣ ሰው ሁሉ ሊያደንቅ በተሰበሰበበት።

«ስድስት ጎረምሳ አለኝ» አሉ ባላምባራስ።

«ጎረምሳ ሞተር አይሆንም። የሞተሯን ጀልባ እኔም ጣና ላይ አውቃታለሁ። ስትነሳ እንደ ማናቸውም ጀልባ ውሃ ውስጥ ናት። ሞተሩ ሲበረታ አፍንጫዋን ታነሳና በራሷ ማዕበል ላይ ትወጣለች። ከወጣች በኋላ ውሃውን አትቀድም፣ ላዩን እየነካች ትንሸራተታለች። ጠጠር አግድም ሲወረውሩት ውሃ ላይ እንደሚዘለው ነው። ሲያዘግም ግን ያው ጠጠር ይሰምጣል። ጎረምሳዎ ስድስትም ይሁን ስድሳ እዚያ ላይ አያወጣትም። ክንድ የሚነዳው ጀልባ ረጅምና ቀጭን ነው መሆን ያለበት።»

ባላምባራስ ወደ ሰዉ ዞር ብለው፣ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» አሉ። ሰዉም ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እኔም ስቄያለሁ፤ ያቺ የጣውላ ጀልባ ቀለሟም ምስማሯም ሲያብረቀርቅ ደስ ትል ነበር።

ማታ ላይ እትዬ ስንዱ፣ «ስትስቅ አይቼሃለሁ» አሉኝ። «ነገ ጠዋት ተነስና የምትስቅበትን በደንብ እይ።»

በማግስቱ ወንዙ ከቋጥኝ ጀርባ ታጥፎ ወደሚያርፍበት የተኛ ውሃ ወሰዱኝ። የባላምባራስ ጎረምሶች እዚያ ይለማመዱ ነበር። እትዬ ስንዱ ዓይናቸውን ጨፍነው አቡነ ዘበሰማያት መድገም ጀመሩ። ጸሎት መስሎኝ ቆብ አወለቅሁ። ለካ ሰዓት እየለኩ ነው! አባታቸውም ጣና ላይ ታንኳ የሚፈትኑት በዚሁ ነበር። አስቀድመው አንድ ቅል ዋናው ወንዝ ላይ ጥለው በአሸዋው ትይዩ እስኪያልፍ ስንት እንደሚያስደግም አይተዋል። ከዚህ ዳር ተነስቶ ሦስት አቡነ ዘበሰማያት ሳያልቅ ማዶ ያልደረሰ፣ አሸዋው ያመልጠዋል። ይህን ባላቸው ከሞተ ጀምሮ በየክረምቱ ለክተውታል፣ አንድም ጊዜ አልተለወጠም።

የሰበካው መምሬ በዚያ ሲያልፉ ሰሙና፣ «አንቺ ሴት፣ የጌታን ጸሎት እንደ እህል መስፈሪያ ታደርጊዋለሽ?» ብለው ተቆጡ።

«አባቴ፣ ሰው ቢያሻግር ከጸሎቱ ምን ይጎድላል?» አሏቸው። መምሬም መስቀላቸውን አሳልመው ሄዱ።

የተኛው ውሃ ስፋቱ ከመሻገሪያው ጋር ይተካከላል። ጀልባዋ በአራት ቀዛፊ አራት ጊዜ ተኩል አስደገመች። «አሁን ስድስት ሁኑ» አሏቸው እትዬ ስንዱ። ስድስት ሆኑ። ጎረምሶቹ ጅማታቸው ተገተረ፣ ውሃው ተንቦጫረቀ፣ ጀልባዋ ግን እዚያው አራት ተኩሏ ላይ ቀረች።

«ምን አየህ?» አሉኝ።

«ብዙ ውሃ» አልኩ።

«ፊቷን እይ፣ ጀርባዋን እይ።»

አየሁ። ከፊቷ አንድ ማዕበል ተነስቷል፣ ከኋላዋ አንድ። ጎረምሶቹ በበረቱ ቁጥር የፊቱ ከፍ ይላል፣ ኋላዋ ይሰምጣል፣ አፍንጫዋም ዳገት እንደምትወጣ በቅሎ ሽቅብ ይቀናል።

«ዳገት እየገፉ ነው» አሉ እትዬ ስንዱ። «የገዛ ዳገታቸውን። ጉልበት ሲጨምሩ ዳገቱን ይጨምሩታል። ሞተር ቢሆን ዘልሎት ይወጣ ነበር፣ ሰው አይችልም። ጀልባው ሲረዝም ግን ማዕበሉም ይረዝማል፤ ዳገቱ የሚመጣው በጣም ከፈጠንክ በኋላ ነው። ክንድህ እዚያ ሳይደርስ አንተ ማዶ ነህ።»

«እንግዲያስ ለምን ሠላሳ ክንድ አያስሩትም?» ብዬ አሾፍኩ፣ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ።

«ርዝመት ብቻ ቢሆንማ ገመድ እሳፈር ነበር። በጣም ሲረዝም ገላው ውሃውን እያሻሸ ቀዛፊውን ይጨርሰዋል። ለአራት ሰው አሥራ አራት ክንድ፣ አለቀ።»

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ ስምንተኛ ክፍል ፈተና ያለፍኩ ሰው ነበርኩ። እንደዚያ ቀን ግን አንድ ነገር ከሥሩ ያስረዳኝ አስተማሪ አላጋጠመኝም።

ባላምባራስ ጀልባቸውን ያስመረቁት በሐምሌ አጋማሽ፣ በገበያ ቀን ነው። መምሬ ባረኩ፣ እልል ተባለ፣ ስድስቱ ጎረምሶችና ሦስት መንገደኞች ከሁለት ፍየል ጋር ገቡ። እትዬ ስንዱ ከዳር ቆመው እያነበነቡ ነበር። ሦስተኛው አቡነ ዘበሰማያት ሲያልቅ ጀልባዋ ገና የወንዙ ሁለት እጅ ላይ ናት። «አመለጣት» አሉ ቀስ ብለው። ጀልባዋ አሸዋውን እያየች አለፈችው። እግዚአብሔር ባያወጣቸው ኖሮ ሁሉም አልቀው ነበር፤ ገደሉ አፍ ላይ አንድ አለት ያዛትና መንገደኛ በስልቻ የሚያሻግሩት ዋናተኞች ሰዎቹን አንድ በአንድ በገመድ ጎትተው አወጡ። ፍየሎቹና ጀልባዋ ግን ሄዱ።

ብልህ ሹም ቢሆን እዚያው እትዬ ስንዱን ጠርቶ ይማከር ነበር። ባላምባራስ ግን አፈሩ፣ ያፈረ ሹም ደግሞ አዋጅ ያወጣል። «እስከ መስቀል ማንም አባይን እንዳይሻገር፣ በምንም ነገር» ብለው አስነገሩና ሁለት ነጭ ለባሽ ከነጠመንጃቸው ዳሩ ላይ አቆሙ። በዚያን ጊዜ የእትዬ ስንዱ ታንኳ ታስሮ አልቆ ነበር። ሸምበቆውን አድርቀው፣ በቃጫ ገመድ በረጅም በረጅሙ አስረው፣ ሁለቱን ጫፍ እንደ ቀንድ ሽቅብ ቀልብሰውታል። ሰዉ «እባቡ» ይለው ነበር።

አዋጁ በወጣ በሳምንቱ ከማዶ አንድ ዋናተኛ ተሻግሮ መጣ። ውሃው ገደሉን ሁሉ አሳልፎ ቁልቁል ወስዶት በዕድሉ ተርፎ ኖሮ፣ እስኪመለስ ግማሽ ቀን ፈጅቶበታል። ከንፈሩ ደርቋል። «ውዴ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ምጥ ላይ ናት» አለ።

እትዬ ስንዱ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ወደ እኔ ዞሩ።

«መርፌህን ያዝ።»

«እትዬ፣ አዋጁስ?»

«መርፌህን ያዝ አልኩህ!»

ጎረቤቱ ሁሉ ሊመልሳቸው ወጣ። አንዱ ሽማግሌ፣ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አሉ። «ባላምባራስ ንጉሥ አይደሉም፣ አባይም ሰማይ አይደለም» ብለው እትዬ ስንዱ አለፏቸው። የዋናተኞቹ አለቃ አያ ታከለ ሁለት ወንድሞቹን አስከትሎ ታንኳውን ከፊትና ከኋላ ተሸከመ፤ ታንኳው መታሰር ከጀመረ አንስቶ እትዬ ስንዱን ያመነ እርሱ ብቻ ነበር። ዳሩ ላይ ነጭ ለባሾቹ ጠመንጃ ደገኑ።

«እትዬ ስንዱ፣ ይመለሱ፣ እንተኩሳለን!» አለ አንደኛው።

«ልጄ ማዶ እየሞተች ነው። ልትተኩስ ከሆነ ቶሎ ተኩስ፣ ቀኑ እየመሸብኝ ነው።»

አልተኮሰም። እኔ እንኳ በልቤ ቢተኩስና ብንመለስ ሳልል አልቀረሁም፤ ፈሪ ነበርኩ፣ ለምን እዋሻለሁ?

መካከል ላይ ሳጥኔን አቅፌ ተንበረከኩ። ከፊት ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ከኋላዬ አያ ታከለ፣ ከሁሉ ኋላ እትዬ ስንዱ ሆኑ፣ አራተኛዋ ቀዛፊ እርሳቸው ናቸው። የታንኳውን አፍ ወደ ላይ፣ ወደ ወንዙ ምንጭ ቀና አድርገው አዞሩትና «አቡነ ዘበሰማያት» ብለው ጮኹ። መቅዘፊያው ሁሉ በዚያ ቃል ላይ ወረደ። ውሃው ጭቃ መስሎ ግንድና ቅጠል ይዞ ይመጣል። ታንኳው ግን ውሃውን አላንቦጫረቀም፣ ዳገትም አልሠራም። ከጎኔ የሚያልፈው አረፋ ረጅምና ዝግ ያለ ነበር። ሁለተኛው ጸሎት ሲጀመር መካከሉን አልፈናል። ሦስተኛው ላይ «ሲሳየነ» ብለው ሳይጨርሱ ሸምበቆው አሸዋ ላይ ሲፋቅ ሰማሁ። እግሬ መሬት ሲነካ ሳቄም ልቅሶዬም አንድ ላይ መጣ። እትዬ ስንዱ ግን ዳገቱን እየወጡ ነበር።

ስንደርስ ልጁ ተወልዷል፤ ወንድ ነው፣ ይጮሃል። የእንግዴ ልጁ ግን አልወጣም፣ የውዴ ደምም አልቆመም። ፊቷ እንደ አመድ ሆኗል። መርፌውን ይዤ ደፉ ላይ ቆምኩ። እትዬ ስንዱ ክንዴን ጨብጠው፣ «ውሃው ላይ ፈርተህ ጨርሰሃል፣ እዚህ የሚፈራ ሰው አልፈልግም» አሉኝ። መርፌውን ወጋኋት፣ የተማርኩትን ሁሉ አደረግኩ። ፀሐይ ስትጠልቅ የእንግዴ ልጁ ወጣ፣ ደሙም ቆመ። ውዴ ዓይኗን ገልጣ፣ «እማዬ፣ በምን መጣሽ?» አለች። «በእግሬ» አሏት፣ አንገቷን ቀና አድርገው ውሃ እያጠጧት። ከዚያ ወደ ውጭ ወጡና ከቤቱ ጀርባ ብቻቸውን አለቀሱ። እንዳየኋቸው አያውቁም።

በአሥረኛው ቀን እናትና ልጁን ይዘን በዚያው ታንኳ ተመለስን፣ አራሷ እናቷ ቤት ልትታረስ። ባላምባራስ ዳሩ ላይ በርጩማ አስቀምጠው ይጠብቁን ነበር። እዚያው ችሎት ሆነ።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም። ማንን ልጠይቅ ኖሯል?»

«እኔን!»

«እርስዎን ጠይቄ እምቢ ቢሉኝ ያው መሻገሬ አይቀርም ነበር። ሁለት ጊዜ እንዳላስቀይምዎ ብዬ ነው።»

አንድ ሰው አፉን በጋቢው ሸፈነ። ባላምባራስ ቀሉ። ታንኳው ይቃጠል አሉ። እሳት ተለኮሰ፣ ሸምበቆው ግን ውሃ ጠጥቶ ስለነበር እንደ እርጥብ ኩበት ጨሰ እንጂ አልነድ አለ፤ ጭሱ ይበልጡን የባላምባራስን ዓይን አስለቀሰው። ከበርጩማቸው ተነሱና፣ «በመጥረቢያ! ከወገቡ ላይ ቁረጡት!» ብለው ጮኹ። ነጭ ለባሾቹ ቆረጡት። የታሠረው ገመድ ሲበጠስ አያ ታከለ ፊቱን አዞረ። እትዬ ስንዱ ግን አንድ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ሁለቱን ቁራጭ ለኩ።

«ሰባት ሰባት ክንድ» አሉ። «እንኳን ደስ አለዎ ባላምባራስ፣ አሁን ሁለት የእርስዎ ጀልባ ሆነ።»

ያን ጊዜ ሰዉ ሳቁን መያዝ አልቻለም። ባላምባራስ በቅሏቸውን አስመጥተው ሄዱ፤ ያን ቀን እትዬ ስንዱን ለምን እንዳላሳሰሯቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት የሚያስር ሰው አላገኙ ይሆናል።

ውዴ ሕፃኑን ታቅፋ ታለቅስ ነበር። «አርባ ቀኑ የሚሞላው መስከረም ሲጠባ ነው። አባይ ገና አይጎድልም። አባቱ ለክርስትናው በምን ይሻገራል?»

እናቷ ማጭዱን አንስተው ወደ ሸምበቆው ሄዱ። እኔም መጥረቢያ ይዤ ተከተልኳቸው፤ ባላምባራስ ፊት የሳቅሁት ሳቅ ስለሚያሳፍረኝ ጭምር ነው። አዲሱ ታንኳ አሥራ ስድስት ክንድ ሆነ፣ ስድስት ቀዛፊ የሚይዝ፣ ምክንያቱም የሕፃኑ አባትና ክርስትና አባቱ ከነዘመዳቸው ነው የሚመጡት። ሸምበቆውን ስንቆርጥም፣ ስናስርም፣ ሁለቱ ነጭ ለባሾች ጠመንጃቸውን ተደግፈው ያዩናል እንጂ አልከለከሉንም።

የክርስትናው ዕለት ማለዳ ታንኳው ውሃ ላይ ወረደ። አያ ታከለና ወንድሞቹ ገቡ፣ እትዬ ስንዱ ከኋላ ተቀመጡ። ሁለት ቦታ ባዶ ነው። እኔ ልገባ ስል እትዬ ስንዱ ቀደሙኝና፣ «አንተ ብትገባ ከውሃው ይልቅ ሰማዩን ነው የምትቀዝፈው፣ ተወው» አሉኝ። ከዚያ ነጭ ለባሾቹን ጠሩ።

ሁለቱ ተያዩ። አንደኛው ጠመንጃውን ዛፍ ላይ አስደግፎ ዘሎ ገባ። ሁለተኛው ግን ዳሩ ላይ ቆሞ፣ «እትዬ፣ ባላምባራስ ቢሰሙስ?» አለ።

«ይስሙ!» አሉ እትዬ ስንዱ። «መቅዘፊያህን ያዝ። አቡነ ዘበሰማያት!»